የጋሽ አንጁሎ ጣሳ

ባለፈው ሰኔ፣ ኮምፒውተር ጠጋኝ ስለሆንኩ፣ የዕቃ ማስወገድ ኮሚቴ አባል ተደርጌ ወደ ልጅነት ትምህርት ቤቴ ተላክሁ። ከሻንቶ በባጃጅ ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ ገና ጢሙ በወጉ ያልበቀለ ትሁት ወጣት፣ የግምጃ ቤቱን በር በትከሻው ገፍቶ ሲከፍተው አንድ ሽታ ፊቴን መታኝ። የሻገተ ጨርቅ፣ የአይጥ ሽንት፣ ከሁለቱም ሥር ደግሞ የአዲስ ላስቲክ ሽታ። ያ ላስቲክ ይህን ሁሉ ዓመት ተቆልፎ አዲስነቱን አልጨረሰም። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

“ምን ሆኑ? አመመዎት እንዴ?” አለኝ ልጁ።

“አቧራ አይስማማኝም” ብዬ ዋሸሁት። የተናደደ ሰው አይቶ የማያውቅ ይመስል ሮጦ ውሃ ሊያመጣልኝ ነበር፤ እጁን ይዤ አስቀረሁት።

መደርደሪያው ላይ አርባ ትንንሽ ላፕቶፖች ተደርድረዋል። ሠላሳ ዘጠኙ ከዱንጉዛ፣ ከወላይታ የባህል ልብስ፣ የተሰፋ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ጫፍ ጫፉን አይጥ የበላው። አንደኛው ብቻ ራቁቱን በላስቲክ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተቀምጧል። እሱን ሳየው ዓይኔን ወዲያው አነሳሁ።

ልጁ ፎርሙን ዘረጋልኝ። የዕቃው ዓይነት፦ የተማሪ ላፕቶፕ። ብዛት፦ አርባ። ሁኔታ፦ ከጥቅም ውጭ። የብልሽቱ ምክንያት፦ “በቀድሞ የጥበቃ ሠራተኛ ባትሪያቸው በመሰረቁ እና በተማሪዎች አያያዝ ጉድለት።”

“ይህን ማነው የጻፈው?”

“ከድሮው ቃለ ጉባኤ ነው የገለበጥነው። እዚህ ጋ ይፈርሙልንና እንውጣ፣ ዝናቡ እየመጣ ነው።”

የቀድሞው የጥበቃ ሠራተኛ ጋሽ አንጁሎ ነው። በእሱ ላይ ሌባ የሚለውን ቃል ያስጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ በገዛ አፌ፣ ያውም እየኮራሁ።

አምስተኛ ክፍል ነበርን። ኮምፒውተሮቹ የመጡት በህዳር ነው፣ ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን፣ በአንድ ፒካፕ ተጭነው። አረንጓዴና ነጭ ናቸው፤ ቁልፎቻቸው ከለስላሳ ላስቲክ የተሠሩ፣ ሲከፈቱ ግራና ቀኝ የሚቆሙ ሁለት ጆሮዎች ያሏቸው። አብራቸው የመጣች አንዲት አሰልጣኝ ሁለት ቀን ብቻ አብራን ቆየች። ስሟን እንኳ አልያዝኩትም፤ ድምጿን ግን አልረሳም።

“ጆሮዎቹን ሁልጊዜ አቁሟቸው። እርስ በርስ የሚደማመጡት በነሱ ነው። ኢንተርኔት ባይኖርም፣ የስልክ ማማ ባይኖርም፣ አንዱ ሌላውን ያገኘዋል።”

እኔ ይህን የተረዳሁት እንደ ልጅ ነው። ጆሮ ካለው ይሰማል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ባለበት ሰው ማማት ተውኩ። ጓደኛዬ ማርታ ስለ አጎቷ ሚስት ልታወራ ስትጀምር ጣቴን አፏ ላይ አድርጌ ወደ ማሽኑ እጠቁም ነበር። እሷም አምናኝ ኮምፒውተሩን ዘግታ፣ ጆሮውን አጥፋ፣ ከዚያ ትቀጥላለች።

ደግሞ አንዲት ቁልፍ ነበረች። አሰልጣኟ እሷን ስትጫን የምንሠራበት ፕሮግራም ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ ይታያል፤ መስመር በመስመር የተጻፈ፣ ምኑም የማይገባን ጽሑፍ። “የሠሩት ሰዎች ምንም አልደበቋችሁም” አለች። “እንድትከፍቱት ነው። ሲበላሽ እንድታዩት፣ እንድታስተካክሉት፣ የተሻለ አድርጋችሁ ለሌላው እንድትሰጡት። ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልጋችሁም።”

እሷ በሄደች ማግስት ርዕሰ መምህሩ ባንዲራው ሥር ቆሞ፣ ቡናማ ኮቱን ቆልፎ፣ እንዲህ አለን፦ “ከዛሬ ጀምሮ ይህን ዕቃ የሚከፍት፣ የሚነካካ፣ የሚፈታ ተማሪ አባቱን ይዞ ይመጣል!” እኛም አጨበጨብን። ዛሬ ያንን ጭብጨባ ሳስታውስ ደሜ ይፈላል። ክፈቱት ተብሎ የተሰጠንን ዕቃ አትክፈቱት ሲለን አጨበጨብን እኮ!

ስለ ማያው፣ ስለ ስክሪኑ፣ ልንገራችሁ። አንዱ ገጽ ላይ በአካባቢው የበሩት ኮምፒውተሮች ሁሉ ይታያሉ፤ እያንዳንዱ በትንሽ ሰው ተመስሎ፣ ክብ ጭንቅላት፣ የተዘረጋ እጅና እግር፣ የራሱ ሁለት ቀለም። ጠቋሚውን ስታስጠጉበት ስሙ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ቅዳሜና እሑድ ይዘናቸው ወደ ቤት እንሄድ ስለነበር፣ እኔ ቤታችን በረንዳ ላይ ሆኜ ከእንሰቱ ወዲያ ያለችውን ማርታን ብርቱካንማና ሰማያዊ ሆና አያት ነበር። የምታደርገው ነገር የለም፤ እዚያ መኖሯ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ማርታ ጠፋች። ቁጭ ብዬ እያየኋት፣ ድንገት የለችም። አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ የለችም። ከሁለት ሳምንት በፊት ጎረቤታችን አንዲት ልጅ በወባ ሞታ ነበር፤ እኔም ሰው ሲሞት ከማያው የሚወጣ መሰለኝ። በባዶ እግሬ በእንሰቱ መሃል እየተንሸራተትኩ ሮጬ ደረስኩ። ማርታ በሯ ላይ ቁጭ ብላ ጎደሬ ትልጣለች።

“አልሞትሽም?” አልኳት።

“ለምን እሞታለሁ?” አለች ቢላዋዋን እንደያዘች።

በጥፊ አልኳት። ከዚያ አቀፍኳት። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ እሷ ለጥፊው፣ እኔ ለምን እንደሆነ ሳላውቀው። እናቷ ከቤት ወጥታ ሳቀችብንና ኮምፒውተሩን አምጥታ አሳየችኝ። አዲስ የዱንጉዛ ሸሚዝ አልብሳዋለች፤ ልክክ ያለ፣ ያማረ፣ ሁለቱን ጆሮዎች ወደ ታች አጥፎ አብሮ የያዘ። “ዛሬ ጨረስኩለት፤ አሁን ሰው ሆነ” አለች።

ነገሩ ከርዕሰ መምህሩ የመጣ ትዕዛዝ ነበር። እኛ ዘንድ ዕቃን መውደድ ማለት መሸፈን ነው። ሬዲዮ ይሸፈናል፣ ቴሌቪዥን ይሸፈናል፣ የሶፋው ላስቲክ እስኪቀደድ አይነሳም። ርዕሰ መምህሩ እናቶችን ሰብስቦ “ጆሮዎቹ ቆመው ከዋሉ ይሰበራሉ፣ ታጥፈው በባህል ልብሳችን ይሸፈኑ” አላቸው። እናቶቻችንም በፍቅር ሰፉ። የኔ እናት ሦስት ከሰዓት በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች ሰፍታዋለች። በእነሱ አልናደድም። እነሱ የተነገራቸውን ነው የሠሩት፣ ያውም በጥሩ ስፌት። ያ ጆሮ ምን እንደሚሠራ አሰልጣኟ ስትናገር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ማስታወሻ ይይዝ የነበረው ግን እሱ ነው።

ሸሚዞቹ በየቀኑ እየተሰፉ ሲመጡ ልጆች አንድ በአንድ ከማያዬ ጠፉ። በገና ዋዜማ ብቻዬን ቀረሁ። በነጋታው እናቴ የኔንም አለበሰችው።

እንግዶች ከሶዶ መጥተው ፎቶ አነሱን፤ ኮምፒውተሮቹ ደረታችን ላይ፣ ዱንጉዛው ወደ ካሜራው። ርዕሰ መምህሩ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ኔትወርክ የሚባለው የት አለ ብሎ አንድ እንግዳ ሲጠይቅ “ልጆች ናቸው፣ ነካክተው አበላሹት” አለ። ወደ ቤት መውሰድም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረ።

እኔ የቻርጅ ተረኛ ነበርኩ። በትምህርት ቤቱ የሚሠራ ሶኬት ያለው ቢሮውና የጥበቃ ቤቱ ብቻ ነው፤ ቢሮ ደግሞ ልጅ አይገባም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ስድስት ስድስቱን አቅፌ ወደ ጋሽ አንጁሎ ቤት እወስዳለሁ።

ጋሽ አንጁሎ ረጅም ነው፣ በቆርቆሮ ቤቷ በር ጎንበስ ብሎ የሚገባ። በወጣትነቱ ሶዶ ገበያ ሬዲዮ ይጠግን ነበር፤ እሑድ እሑድ የቤተ ክርስቲያናችን አምፕሊፋየር ሲጮህ የሚያረጋጋው እሱ ነው። ከኔ ጋር የሚያወራው በወላይትኛ ነበር፤ እዚህ በአማርኛ እጽፈዋለሁ። አማርኛው ለቢሮ ብቻ የሚያወጣው፣ እንደ ተዋሰው ኮት ከልኩ የሚሰፋበት ዓይነት ነበር።

“ሳሮ? በልተዋል?” ይለኛል ስገባ፣ ሰላምታውን አስቀድሞ። የሚጠይቀው ስለ ኮምፒውተሮቹ ነው። ለማንኛውም የተበላሸ ነገር ሦስት ጥያቄ ነበረው። በልቷል? ይተነፍሳል? ይሰማል? መጀመሪያ መብራት ማግኘቱን፣ ቀጥሎ ትንሿ መብራት መብራቷን፣ ቀጥሎ ከውጭ የሚመጣውን መቀበሉን። ቅደም ተከተሉን ከዘለልኩ እጄን ከማሽኑ ላይ ያነሳዋል። “አትቸኩይ። ትኩሳት ያለበትን ልጅ መጀመሪያ እግሩን ታይዋለሽ?” የእጁን ጀርባ ያስነካዋል፣ ግንባር እንደሚነካ፤ የጋለ ካለ ያውቃል።

ኔትወርኩን ነገርኩት። ማርታ ከማያው ጠፍታ እንዳልሞተች፣ ሁሉም እንደጠፉ።

“በልቷል?”

“በልቷል።”

“ይተነፍሳል?”

“ይኸው መብራቱ።”

“ይሰማል?”

ኮምፒውተሬን አቀበልኩት። እሱ በሸሚዙ ላይ ጣቱን እያሄደ ዳበሰው። ጎኑ ላይ ሲደርስ ቆመ።

“ይህን ጆሮውን ማነው ያሰረው?”

ምላጭ አውጥቶ ስፌቱን ሁለት ጣት ያህል ከፈተ፤ ጨርቁን ሳይሆን ክሩን ብቻ። ጆሮዎቹን አውጥቶ አቆማቸው። የማርታንም እንዲሁ አደረገው። እኔ ማያው ላይ አፍጥጬ ቆየሁ። ብርቱካንማና ሰማያዊ፣ ጥግ ላይ፣ ብቅ አለች። ጮህኩ። ጋሽ አንጁሎ አብሮኝ አልጮኸም፤ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ማያው ጎንበስ አለና “ይህች ናት የማርታ ልጅነት?” አለ፣ ምን ማለቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በዚያ ሳምንት የስምንት ኮምፒውተሮችን ጆሮ አወጣን። ርዕሰ መምህሩ ሲያይ ፊቱ ደም መሰለ። “የብሔረሰቡን ልብስ ትቀድዳለህ? እንግዳ ፎቶ ያነሳውን?” ብሎ ጮኸበት። ጋሽ አንጁሎ በጨዋ ደንብ አንገቱን ደፍቶ ሰማው። ስምንቱም ተመልሰው ተሰፉ። ጆሮ ለምን እንደሚያስፈልግ ለሰውዬው ማን ይንገረው? መንገር የሚችለውን ሁሉ እሱ አስቀድሞ ዝም አሰኝቶታል። ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ኮምፒውተሮቹ ለመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ተብለው ግምጃ ቤት ገቡ፤ ዕረፍቱ አልቆም እስከ የካቲት መጨረሻ አልወጡም።

ሲወጡ ሃያ ሁለቱ አልነሳም አሉ። ቁልፉን ትጫኑታላችሁ፣ ምንም። ቻርጅ ላይ ሰካናቸው፣ መብራቱ በራ፣ ማያው ግን ጥቁር። “ተመልከቱ፣ አሁንም ነካክታችኋቸዋል” አለ ርዕሰ መምህሩ፣ የግምጃ ቤቱ ቁልፍ በገዛ ኪሱ ሆኖ ሳለ። የሚነሱትን አሥራ ስምንቱን እያፈራረቅን እንድንጠቀም፣ የማይነሱት ግን “ባትሪያቸው እስኪሞላ” ጥበቃ ቤት ተሰክተው እንዲውሉ አዘዘ። ሳምንት ሙሉ ተሰክተው ዋሉ።

“በልቷል” አለ ጋሽ አንጁሎ። “ይተነፍሳል። ግን አይነቃም።” ከአልጋው ሥር አንድ የሸራ ከረጢት ጎትቶ የሬዲዮ ዘመኑን ትንንሽ መፍቻዎች አወጣ። በሩን አልዘጋም፤ ይህን አስምሩልኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ወለል ብሎ፣ ብሎኖቹን በተራ በተራ ጠርሙስ ክዳን ውስጥ እያስቀመጠ ፈታው። እኔ የትኛው ብሎን ከየት እንደወጣ እየቆጠርኩ እይዝለት ነበር። ውስጡ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ አንዲት ጠፍጣፋ ባትሪ እንደ ሳንቲም ጉድጓዷ ውስጥ ተቀምጣለች።

“ይህች የሰዓቱ ናት” አለ። “ቀኑን የምታስታውሰው። ሬዲዮም ላይ አለች፣ ዲጂታሉ ላይ።” አወጣት፣ ምላሱን አስነካት። ፊቱን አጨፈገገ። “ሞታለች። የሞተ ነገር ሆዱ ውስጥ ይዞ ማን ይነሳል?”

ያለ እሷ ዘግቶ ቁልፉን ተጫነ። ማያው ነጭ ሆነ፤ ከዚያ ያቺ የምናውቃት ትንሽ ሰው መሃል ላይ ቆመች። ቀኑ ግን ከመወለዴ በፊት ያለ ዓመት ይላል።

“ቀኑ ተሳስቷል!” አልኩ ደንግጬ።

“ቀኑን ከረሳ ይርሳ! እኔስ የተወለድኩበትን መች አውቃለሁ? ሥራዬን ግን እሠራለሁ።”

ሃያ ሁለቱንም እንዲሁ አስነሳቸው፣ በሦስት ሳምንት። ያወጣቸውን ባትሪዎች አልጣላቸውም። እያንዳንዷ ላይ ፕላስተር ለጥፎ እኔ በእስክሪብቶ የባለቤቱን ስም ጻፍኩ፤ በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አስቀመጣቸው። ዓመቱ ሲያልቅ የወላጅ ኮሚቴው ተመሳሳዩን ከሶዶ እንዲያስገዛ፣ ናሙናው እንዳይጠፋ ብሎ ነው። ከሃያ ሁለቱ አንዱ ባለቤት አልነበረውም፤ ልጁ ከቤተሰቡ ጋር ሸሚዝ ሳይሰፋለት ወደ አረካ ሄዷል። በዚያኛው ኮምፒውተር ላይ ስሙን ቀይሬ “አንጁሎ” ብዬ ጻፍኩ። ቀለም ምረጥ አልኩት፤ ብዙ አስቦ አረንጓዴና ቀይ አለ። የኔን ጆሮ ለአፍታ ከሸሚዙ አሹልኬ አወጣሁና አሳየሁት። ከጎኔ ቆሟል።

“እኔ ነኝ? አወፈራችሁኝ እኮ” ብሎ ሳቀ። ጥርሶቹ ሁሉ እስኪታዩ የሳቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ግንቦት ላይ ሌላ እንግዳ መጣ። አንድ ኮምፒውተር ከፍቶ የቀኑን ስህተት አየና ጠየቀ። ርዕሰ መምህሩ በነጋታው ወደ ቢሮ አስጠራኝ። ልጅ የማይገባበት ቢሮ! ወንበር ሳበልኝ። ብስኩት ሰጠኝ፤ የክሬሙን።

“ጎበዝ እንደሆንሽ ሰምቻለሁ ምህረት። የሞቱትን ያስነሳችሁት እንዴት ነው? ማነው ያስተማረሽ?”

እኔ ደደብ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ቃል ስናጠና እንደምንቆመው ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሁሉንም አወራሁት። ምላጩን፣ መፍቻውን፣ ብሎኑን፣ ባትሪዎቹን። ጣሳውን እንኳ፣ ከአልጋው ሥር በቀኝ በኩል ብዬ። ጋሽ አንጁሎ የሚሸለም መስሎኝ ነበር። የምስክር ወረቀት ሲሰጠው ቤቱ ጠባብ ስለሆነ የት እንደሚሰቅለው ሁሉ አስቤለት ነበር። ርዕሰ መምህሩ እየጻፈ “ጎበዝ፣ ቀጥይ” ይለኛል። ብስኩቱን ለማርታ ግማሹን አስቀረሁላት።

አርብ ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ ወላጆች ተጠርተው ነበር። ጠረጴዛ ወጣ። ጣሳው ወጣ። ርዕሰ መምህሩ ገልብጦ አፈሰሰው፤ ባትሪዎቹ ከነስማችን ጠረጴዛው ላይ ተንከባለሉ፣ አንዷ ወርዳ እግሬ ሥር ድረስ መጣች። የማርታ ነበረች።

“የመንግሥትን ንብረት የሰረቀ ሌባ በግቢያችን ሲኖር ነበር” አለ።

ሁሉም ወላይትኛ የሚያውቅ ሰው በተሰበሰበበት፣ ቃለ ጉባኤው በአማርኛ ነው ተብሎ ጋሽ አንጁሎ በአማርኛ እንዲመልስ ተነገረው። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

“ባትሪ ሞታለች። እሱ ሞቶ ሆድ ውስጥ ካለች ኮምፒውተር አይነሳም። እኔ አወጣው። አልሸጠችም። ስም ጽፈናል፣ ስም አለው፣ እዩት።”

ጸሐፊው ሳቀ። ከኋላ ያሉትም ሳቁ። በራሳቸው ቤት ከሱ የተሻለ የማይናገሩ ሰዎች ናቸው የሳቁት! እኔ እጄን አወጣሁ። ክፍል ውስጥ እንደምናወጣው፣ ቀኝ እጄን፣ ጣቴን አቁሜ። እስኪጠሩኝ ጠበቅሁ። ማንም አልጠራኝም። ክንዴ ሲደክመኝ በግራዬ ደገፍኩት። ከዚያ ወላጆች መበተን ጀመሩ፣ እኔም እጄን አወረድኩ። መጮህ እችል ነበር። ስሙን እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ የእጅ ጽሑፌን እዩት ማለት እችል ነበር። ተራዬን ጠበቅሁ። በዚህ ዓለም ላይ እንደዚያች ጨዋ ልጅ የምጠላው ሰው የለም።

የዚያኑ ዕለት ጋሽ አንጁሎ ከረጢቱን ይዞ ወጣ። ርዕሰ መምህሩ ከሶዶ ባለሙያ አስመጥቶ ሃያ ሁለቱን ባትሪዎች በየጉድጓዳቸው አስመለሰ፤ የሞቱትን፣ እነዚያኑ። በነጋታው ሃያ ሁለቱም አልነሳ አሉ። “አያችሁ? እሱ ነው ያበላሻቸው” አለ፣ ሁሉንም ሰብስቦ ቆለፈ። በቃ። ከዚያ ወዲያ አልተከፈተም።

ጋሽ አንጁሎን ልጆች “ጋሽ ባትሪ” ማለት ጀመሩ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አምፕሊፋየሩን “አንተ ትንሽ ዕረፍ” ብለው ለሌላ ሰጡ፤ እንዲህ በትህትና። በመንገድ ሲያገኘኝ እንደ ወትሮው “በልተሻል?” ይለኛል፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ሞተ። ለቅሶው ላይ ከኋላዬ አንድ ሰው “ያ የኮምፒውተር ባትሪ የሰረቀው አይደል?” ሲል ሰማሁ። ሻሼን አስተካከልኩ። አሁንም ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር መሰለኝ።

“ይፈርማሉ?” አለኝ ልጁ፣ ብዕሩን እያቀበለኝ።

“ሶኬት የሚሠራው የት ነው?”

“ጥበቃ ቤት ብቻ ነው። ግን እኮ እነዚህ ሞተዋል...”

የኔን ኮምፒውተር ከመደርደሪያው አወረድኩ፤ የእናቴን ስፌት የትም አውቀዋለሁ። ራቁቱንም አወረድኩ። ጥበቃ ቤቱ ያው ነው፣ ያው ጎንበስ የሚያስብል በር፤ አዲሱ ጥበቃ ለገበያ ወጥቷል። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ከቦርሳዬ ባወጣሁት መፍቻ የኔን ፈታሁት። ብሎኖቹን በጠርሙስ ክዳን ውስጥ አስቀመጥኩ። ፕላስተሩ አሁንም ባትሪዋ ላይ ነው፤ “ምህረት” ይላል፣ በልጅ እጅ። አወጣኋት። ከሁለተኛውም አወጣሁ። የእናቴን ስፌት በምላጭ ከፈትኩ፣ ክሩን ብቻ። የሁለቱንም ጆሮ አቆምኩና ሰካኋቸው።

የኔ ተነሳ። ልጁ “በእግዚአብሔር!” አለ። መሃል ላይ ትንሿ ሰው ቆመች፣ ብቻዋን። ሁለተኛውን አስነሳሁት። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። ጠበቅን። ከዚያ ጥግ ላይ አረንጓዴና ቀይ የሆነ አንድ ሰው ብቅ አለ። ልጁ ጠቋሚውን ወስዶ አስጠጋበት።

“አንጁሎ” ብሎ አነበበ። “አንጁሎ ማነው?”

ሁሉንም ነገርኩት፣ እጄን ሳላወጣ። ስጨርስ አንገቱን ደፍቶ ማያውን አየና “ቀኑ ግን ተሳስቷል” አለ።

“ቀኑን ከረሳ ይርሳ” አልኩት። “ፎርሙን ስጠኝ።”

የብልሽቱ ምክንያት ከሚለው ሥር ያለውን ወረቀቱ እስኪቀደድ ሰረዝኩት። “እኔ እኮ ነኝ የምጠየቀው” አለ ልጁ በፍርሃት። “ሌላ ወረቀት አምጣ፣ እንደገና እጽፈዋለሁ” አልኩት፤ ሄዶ አመጣ። በርዕሰ መምህሩ ትዕዛዝ ጆሯቸው ተሰፍቶ፣ የሞተ ባትሪ ተመልሶላቸው፣ ተቆልፎባቸው ብዬ ጻፍኩ። ሁኔታ በሚለው ላይ፦ ይሠራሉ። የመረመረው ባለሙያ ስም በሚለው ላይ ደግሞ መጀመሪያ አቶ አንጁሎ፣ የጥበቃ ሠራተኛ ብዬ ጻፍኩና፣ ከሥሩ፣ በትንሹ፣ ስሜን አስከትዬ ፈረምኩ።